ጥያቄና መልስ፦ ትራንዚስተሬ ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?

ሰሞኑን የሚደርሱን ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ሆነዋል። "አምፕሊፋየር ሠራሁ፣ ዘፈነ፣ ከዚያ ተቃጠለ።" ስለዚህ የዚህን እትም አምድ ሙሉውን ለፎርጅድ ትራንዚስተር ሰጥተነዋል። ሌላ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሡን፣ ተራችሁ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 በሚባሉት ትራንዚስተሮች 100 ዋት አምፕሊፋየር ሠርቻለሁ። በእያንዳንዱ ቻናል አንድ ጥንድ ነው ያለው፣ ሰፕላዩ ደግሞ ፕላስና ማይነስ 45 ቮልት። በ8 ኦም ስፒከር ለሳምንታት ቆንጆ ሠራ። 4 ኦም ስፒከር ሰክቼ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ግን "ጧ" አለና ሁለቱም ሾርት ሆኑ። ከመበየዴ በፊት በመልቲሜትር ለክቻቸው ምንም አልነበራቸውም። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ወረቀት) 230 ቮልት፣ 15 አምፒር፣ 150 ዋት ይላል። ታዲያ እንዴት ሊቃጠሉ ቻሉ?
(ሰርኪዩቱን ሦስቴ ያየሁት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልቲሜትሩ አልዋሸህም። የጠየቅከውን ነው የመለሰልህ። የዳዮድ መለኪያው በትራንዚስተሩ ውስጥ የሚያሳልፈው አንድ ሚሊአምፒር አካባቢ ነው። በዚያ ከረንት ትንሹም ትልቁም ትራንዚስተር 0.5 ወይም 0.6 ቮልት ያሳይሃል፣ አለቀ። ባለ 150 ዋቱንና ባለ 50 ዋቱን አይለይልህም።

አሁን ፎርጅድ ምን እንደሆነ እንነጋገር። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ፕላስቲክ አይደለም፣ ትራንዚስተር ነው። ኤንፒኤን ከሆነ ኤንፒኤን ነው (ኤንፒኤንና ፒኤንፒ ከረንታቸው በተገላቢጦሽ የሚሄድ ሁለቱ የትራንዚስተር ዓይነቶች ናቸው)፣ እግሮቹም በትክክለኛው ቦታ ናቸው። ውስጡ ያለው ሲሊከን ግን ትንሽ ነው። ርካሽና አነስተኛ ሲሊከን ትልቁ ቤት ውስጥ ይከቱና ላዩ ላይ የታዋቂውን ቁጥር ይጽፉበታል። አንዳንዴ ደግሞ ከተጣለ ዕቃ የተነቀለ አሮጌ ትራንዚስተር ይሆናል፣ ፊቱ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ ቁጥር ተጽፎበት።

ሲሊከኑ ማነሱ ለምን ይገድላል? እስቲ በአንተው አምፕሊፋየር እናስላው።

150 ዋት ማለት የትራንዚስተሩ ጀርባ 25 ዲግሪ ላይ ተይዞ፣ ውስጡ 150 ዲግሪ እስኪደርስ የሚችለው ማለት ነው። ልዩነቱ 125 ዲግሪ ነው። ለ150 ስታካፍለው፣ ለእያንዳንዱ ዋት ውስጡ ከጀርባው በ0.83 ዲግሪ ይበልጣል። አሁን አንዱ ትራንዚስተር ቢበዛ ስንት ዋት ወደ ሙቀት እንደሚለውጥ እንይ። የአንዱን ወገን ቮልት በራሱ አባዛው፣ 2025 ይመጣል። ለ9.87 (ፓይ በራሱ ተባዝቶ ነው)፣ ከዚያ ለስፒከሩ ኦም አካፍል። በ8 ኦም 26 ዋት ገደማ፣ በ4 ኦም 51 ዋት ገደማ ይሆናል።

ኦሪጅናሉ በ4 ኦም፣ ጀርባው 70 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ፣ ውስጡ 112 ዲግሪ ነው። ደህና ነው።

ያንተ ውስጡ ባለ 50 ዋት ሲሊከን ነው እንበል። ያኔ ለእያንዳንዱ ዋት 2.5 ዲግሪ ይጨምራል። በ8 ኦም፣ ጀርባው 50 ዲግሪ ቢሆን፣ ውስጡ 115 ነው። ይሠራል። ለሳምንታት የሠራልህም ለዚህ ነው። 4 ኦም ስትሰካ ግን 51 በ2.5 ሲባዛ 128 ነው። ጀርባው 70 ከነበረ ውስጡ 198 ገባ። "ጧ" ያለው እዚህ ላይ ነው። ሂትሲንኩን (ትራንዚስተሩ የሚታሰርበትን ማቀዝቀዣ ብረት) በእጅህ ብትነካው እኮ ውስጡ 198 መግባቱን አታውቅም ነበር፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ከትንሹ ሲሊከን ወደ ብረቱ እንደልቡ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ስሌት ስፒከርን እንደ ተራ ሬዚስተር ቆጥሮ ነው። እውነተኛ ስፒከር ቮልቱንና ከረንቱን ስለሚያዛንፍ ከዚህ የባሰ ቅጽበት አለው። በዚያ ላይ አንዱ ትራንዚስተር ሙሉ ሲከፈት የተዘጋው ጓደኛው ወደ 90 ቮልት ይሸከማል። ውስጡ ባለ 80 ቮልት ሲሊከን ከሆነ ሙቀቱንም ሳይጠብቅ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሁሉን ነገር በፎርጅድ ማሳበብም ልማድ እየሆነ ነው። ማይካው (ትራንዚስተሩን ከሂትሲንኩ የሚለየው ስስ መከላከያ) ተበስቶ ከሂትሲንኩ ጋር ሾርት አድርጎ እንደሆነ እይ። ባያሱ (ድምፅ ሳይኖርም ትራንዚስተሮቹን በትንሹ ከፍቶ የሚያቆየው ከረንት) እየሞቀ ሲሄድ ይጨምራል ወይ? የባያስ ትራንዚስተሩ ሂትሲንኩ ላይ ታስሯል ወይስ አየር ላይ ተንጠልጥሏል? አምፕሊፋየሩ ለጆሮ በማይሰማ ፍሪኩዌንሲ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ኦሪጅናሉንም ያቃጥልልሃል። ሰርኪዩቱን ሦስቴ አይተኸዋል፣ እሺ፣ ማይካውን ግን አይተኸዋል?

ጥያቄ፦ በዓይን ብቻ መለየት ይቻላል? ሻጩ ፊት ቆሜ ቴስተር ማውጣት ያሳፍረኛል።
(ዓይን አፋሯ)

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብ የምትከፍይው አንቺ ነሽ፣ ምን ያሳፍራል! ግን ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በዓይን "ይሄ ፎርጅድ ነው" ማለት ይቻላል። "ይሄ ኦሪጅናል ነው" ማለት ግን አይቻልም። ሁለቱን አታምታቺ።

ትራንዚስተሩን ያዢና ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት አዘንብዪው። የተሞረደ ፊት በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ያሳያል። ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ ፊቱና ጎኑ አንድ ዓይነት ጥቁር አይሆንም፣ አንዱ ያብለጨልጫል፣ ሌላው ደብዘዝ ይላል። ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ላይ ከፋብሪካ የወጣ ትንሽ ክብ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ግማሹ በቀለም ከተደፈነ ወይም ከጓደኞቹ ይልቅ ጥልቀቱ ካነሰ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው።

ከዚያ እግሮቹን እዪ። አዲስ ትራንዚስተር እግሩ ቀጥ ያለና ወጥ ነው። የብየዳ ቅሪት፣ ጫፉ ላይ የተንጠባጠበ ሊድ፣ ታጥፎ የተቃና እግር ካለ ከሌላ ቦርድ ተነቅሏል። ጀርባውም ላይ የብሎን ቀለበት አሻራ ይፈለጋል። አዲስ ነው የተባለ ዕቃ ብሎን ታስሮበት አያውቅም።

አሥር ከገዛሽ አሥሩንም ጎን ለጎን ደርድሪያቸው። ፊታቸው ላይ አንድ ዓይነት የምርት ኮድ ተጽፎ፣ ጀርባቸው ያለው መዳብ ግን በሁለት ዓይነት ቅርጽ ከተቆረጠ፣ ከአንድ ምርት የወጡ አይደሉም። ይሄን አጭበርባሪዎች ይረሱታል፣ ፊቱን እንጂ ጀርባውን ማን ያያል ብለው ይሆናል።

በአሴቶን የማሸት ዘዴም አለ። በጥጥ ነክረሽ ታሺዋለሽ፣ ጥጡ ከጠቆረ ፊቱ ተቀብቷል። ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። አሴቶን የማያስለቅቀው ቀለም አለ፣ ስለዚህ ጥጡ ነጭ ሆኖ መቅረቱ ነፃ አያወጣውም። በቀለም የታተመ የድሮ ኦሪጅናል ደግሞ ጽሑፉ ሊለቅ ይችላል። የሚያስፈርደው የጽሑፉ መልቀቅ ሳይሆን የፕላስቲኩ ቀለም መልቀቁና ከሥሩ ጭረት መውጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ላይ "ሲ5200" ብቻ ነው የተጻፈው። "2ኤስ" የሚለው የለም። ፎርጅድ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ቢያንስ በዚህ ምክንያት አይደለም። በጃፓን አሰያየም "2ኤስ" የሚለውን መነሻ አካሉ ላይ አለመጻፍ የተለመደ ነው። "ኤ" እና "ቢ" ፒኤንፒ፣ "ሲ" እና "ዲ" ኤንፒኤን፣ "ጄ" እና "ኬ" ደግሞ ፌት (በከረንት ሳይሆን በቮልት የሚታዘዝ የትራንዚስተር ዓይነት) ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ የሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። በቅርቡ ኤምጄ15003 ገዛሁ፣ ባለ ቆርቆሮ ቆቡ፣ የሞቶሮላ ምልክት ያለበት። ኮዱ 1208 ይላል። ሻጩ "የድሮ ክምችት ነው፣ የአሁኑ እንዲህ አይሠራም" አለኝ። እኔም የሞቶሮላን ዕቃ ስለማውቀው ደስ ብሎኝ ወሰድኩ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ደስታዎን ማደፍረስ አልፈልግም ነበር። 1208 እንደ ቀን ከተነበበ የ2012 ስምንተኛ ሳምንት ማለት ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሞቶሮላ ግን እነዚህን ትራንዚስተሮች የሚሠራውን ክፍል በ1999 ለይቶ አውጥቶታል። ኦን ሴሚኮንዳክተር የተባለው ኩባንያ ያኔ ተፈጠረ፣ ከ2021 ጀምሮም ኦንሴሚ በሚል ስም ነው የሚታወቀው። በ2012 የሞቶሮላን ምልክት አትሞ ኤምጄ15003 የሚያወጣ ፋብሪካ አልነበረም። እውነተኛው ኤምጄ15003 140 ቮልት፣ 20 አምፒር፣ 250 ዋት ነው። እጅዎ ላይ ያለው ስንት እንደሚችል የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ይህን የቀን ዘዴ ለሌሎችም ይጠቀሙበት። ሂታቺ የሚል ምልክት ያለበት 2ኤስኬ1058 ሞስፌት (የፌት ዓይነት) አዲስ ነው ከተባለ ይጠርጥሩ፣ ሥራው በ2003 ሬኔሳስ ወደተባለው ኩባንያ ሄዷል። የቶሺባ 2ኤስሲ3281 እና 2ኤስኤ1302ም እንደዚሁ ናቸው። ቶሺባ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፣ ግን ፈላጊያቸው ስላላለቀ እስከ ዛሬ "አዲስ" ተብለው ይሸጣሉ። ምርቱ ቆሞ ገበያው ሞቅ ያለበት ቁጥር ሁሉ የአጭበርባሪ ማሳ ነው። "የድሮ ክምችት" የሚለው ቃልማ፣ ጋሼ፣ ሰውን ናፍቆቱ ላይ ነው የሚይዘው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለው መልቲሜትር፣ ካፓሲተርና ትራንዚስተር የሚለካ ርካሽ ቴስተር፣ የመኪና ባትሪ እና ጥቂት ሬዚስተር ነው። በዚህ ብቻ የምር መፈተሽ ይቻላል? "ኦሲሎስኮፕ ግዛ" እንዳትሉኝ።
(ኪሱ የሳሳ)

መልስ፦ አንልህም። ባለህ ነገር ጥሩ ሥራ ይሠራል። ሦስት ፈተና ልስጥህ፣ ከቀላሉ ልጀምር።

የመጀመሪያው በቤዝና በኮሌክተር መካከል ያለውን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) መለካት ነው። ቤዝ መቆጣጠሪያው እግር ነው፣ ዋናው ከረንት የሚሄደው በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ነው። ኤሚተሩን ባዶ ተወው። ሲሊከኑ በሰፋ ቁጥር ካፓሲታንሱ ይጨምራል፣ ስለዚህ ሳትሰብረው መጠኑን ትገምታለህ። የ2ኤስሲ5200 ዳታሺት 200 ፒኮፋራድ፣ የ2ኤስኤ1943 ደግሞ 360 ፒኮፋራድ ይላል፣ ግን ይሄ 10 ቮልት ተደርጎበት ነው። ያንተ ቴስተር ያን ያህል ቮልት ስለማይሰጥ ከዚያ በጣም የበለጠ ቁጥር ማሳየት አለበት። ዳታሺቱ ከሚለው በታች ካሳየህ ውስጡ ትንሽ ነው። ምንጩን የምታውቀው አንድ ኦሪጅናል ካለህ ደግሞ ከዚያ ጋር አወዳድር፣ ከዳታሺት ጋር ከመከራከር ይሻላል። ቴስተሩ የሚነግርህን ጌን (የቤዙን ከረንት ስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ) ግን ብዙ አትመነው። በጥቂት ሚሊአምፒር ነው የለካው፣ ፎርጅዱ እዚያ ላይ ጎበዝ ነው።

ሁለተኛው ፈተና እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ምክንያቱም ከዳታሺቱ ቀጥታ የወጣ ነው። 2ኤስሲ5200 በ7 አምፒርና በ5 ቮልት ላይ ጌኑ ከ35 በታች እንደማይሆን አምራቹ ቶሺባ ቃል ይገባል። ይሄ ማለት ቤዙ ላይ 200 ሚሊአምፒር ከሰጠኸው ኮሌክተሩ ቢያንስ 7 አምፒር ማሳለፍ አለበት። ትራንዚስተሩን ሂትሲንክ ላይ እሰር። ከባትሪው ፕላስ በፊውዝ አድርገህ 1 ኦም ትልቅ ሬዚስተር፣ ከሬዚስተሩ ወደ ኮሌክተር፣ ኤሚተሩ ወደ ባትሪው ማይነስ። ቤዙን ከ5 ቮልት ሰፕላይ በ20 ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር አድርገህ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ንካው፣ የሰፕላዩ ማይነስ ከባትሪው ማይነስ ጋር ይያያዝ። መልቲሜትሩ ኮሌክተርና ኤሚተር ላይ ነው ያለው።

ባትሪው 12 ቮልት ነው። 7 አምፒር ካለፈ 1 ኦሙ ላይ 7 ቮልት ይወድቃል፣ ትራንዚስተሩ ላይ 5 ይቀራል። ኦሪጅናል ከሆነ እንግዲህ ከ5 ቮልት በታች ታነባለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጣም በታች። 8 ወይም 9 ቮልት ካነበብክ 4 ወይም 3 አምፒር ላይ ነው የደከመው። 15 አምፒር ተጽፎበት! ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ እንዳትቆይ፣ ጥሩ ትራንዚስተር ሙሉ ከተከፈተ 1 ኦሙ ላይ ከ100 ዋት በላይ ይበላል፣ ጣትህን ያስታውስሃል። ለፒኤንፒው ፖላሪቲውን ሁሉ ገልብጠው።

ሦስተኛው የቮልት ፈተና ነው። ይሄን ከፍተኛ ቮልት ላይ ሠርተህ የማታውቅ ከሆነ ዝለለው፣ የምሬን ነው። ከመብራት መስመር በትራንስፎርመር የተለየ 250 ቮልት ዲሲ ያስፈልጋል። ቤዙን ባዶ ትተህ፣ ኮሌክተሩን በተከታታይ በተያያዙ ሁለት 220 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ትሰጠዋለህ። ሁለት ያልኩህ ተራ ትንሽ ሬዚስተር ብቻውን ያን ያህል ቮልት ላይ ማረፍ ስለማይመቸው ነው። ከረንቱ ግማሽ ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚሆን ትራንዚስተሩ አይጎዳም። ኮሌክተርና ኤሚተር ላይ ለካ። ጥሩ 2ኤስሲ5200 ቢያንስ 230 ቮልት ድረስ ይይዛል። 90 ቮልት ላይ ቆሞ ከቀረ ነገሩ አልቋል። ስትጨርስ የሰፕላዩ ካፓሲተሮች ቮልቱን ይዘው ይቆያሉ፣ አጥፍተህ፣ ባዶ መሆናቸውን ለክተህ ብቻ እጅህን ክተት።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትለኝ ሁለተኛውን ነው የምመርጥልህ። ባለ ባትሪው ፈተና ከሚያልፉት ፎርጅዶች የሚወድቁት ይበዛሉ።

ጥያቄ፦ ሃያ ትራንዚስተር ገዛሁ። ጓደኛዬ "አንዱን ሰብረህ እየው" ይላል። እብድ ነው ወይስ ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ ነው። ከሃያው አንዱን መሠዋት፣ ሃያውንም ስፒከር ጋር ከማቃጠል ይሻላል። ባለ ቆርቆሮ ቆቡን ዙሪያውን በብረት መጋዝ ትቆርጠዋለህ፣ ቆቡ ይነሳል። ፕላስቲኩን በሞርሳ ጨብጠህ ቀስ እያልክ ታጠብቀዋለህ፣ ይሰነጠቃል። የዓይን መከላከያ ሳታደርግ እንዳትሞክር፣ ቁርጥራጩ ይፈናጠራል።

ምን ታያለህ? መዳቡ ላይ የተለጠፈ አራት ማዕዘን ሲሊከን። ለትልቅ አምፒር የተሠራ ኦሪጅናል የመዳቡን ጥሩ ድርሻ ይሸፍናል። ፎርጅዱ መሐል ሜዳ ላይ የተረሳች ጠጠር ይመስላል። ከኤሚተርና ከቤዝ እግር የሚመጡትን ሽቦዎችም እይ፣ 15 አምፒር በፀጉር ቀጭን ሽቦ አይሄድም። ጎኑን በካሊፐር ለካና ጻፈው። በሌላ ጊዜ ከሌላ ቦታ ስትገዛ ማወዳደሪያ ይሆንሃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ለድምፅ ትራንዚስተር ነው። የሬዲዮ ማሰራጫ ኃይል ትራንዚስተሮችን በፍጹም አትስበር። አንዳንዶቹ ውስጥ ነጭ ሴራሚክ አለ፣ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ይባላል፣ ዱቄቱ ከተተነፈሰ ሳንባ ያጠፋል። ለማየት ያህል ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ለፎኖ ፕሪአምፕ (የሸክላ ማጫወቻን ደካማ ሲግናል ለሚያጎላው) 2ኤስኬ170 ጄፌት፣ ማለትም ትንሽ ፌት፣ ገዛሁ። ሰርኪዩቱ ይሠራል፣ ግን "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ አለው። ዋት የማይሸከም ትንሽ ነገርም ፎርጅድ ይደረጋል እንዴ?
(ሸክላ ወዳዷ)

መልስ፦ ይደረጋል እንጂ! 2ኤስኬ170 የተወደደው ድምፁ ፀጥ ያለ ስለሆነ ነው፣ ቶሺባ ደግሞ መሥራቱን አቁሟል። ፈላጊ አለ፣ ምርት የለም፣ ቀሪውን ታውቂዋለሽ።

በመጀመሪያ ጌቱን ከሶርሱ ጋር (የፌት እግሮች ናቸው፣ እንደ ቤዝና ኤሚተር) አገናኚና በ10 ቮልት ላይ ስንት ሚሊአምፒር እንደሚያሳልፍ ለኪ። "ጂአር" የተጻፈበት ከ2.6 እስከ 6.5፣ "ቢኤል" ከ6 እስከ 12፣ "ቪ" ከ10 እስከ 20 መሆን አለበት። "ቢኤል" ተጽፎበት 3 ወይም 25 ካነበብሽ ጥሩ አይደለም። ችግሩ ልክ ቁጥር ማንበብሽ ኦሪጅናል ነው ማለት አለመሆኑ ነው። ሌላ ተራ ጄፌት ለክተው፣ ከዚህ ክልል የገቡትን መርጠው ቁጥር ሊጽፉበት ይችላሉ።

ስለዚህ ፀጥታውን ራሱን ፈትሺ። የፕሪአምፑን መግቢያ ሾርት አድርጊ፣ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ሽሽታውን ስሚ። ከዚያ ጄፌቱን ከታመነ ምንጭ በመጣ ቀይሪና በዚያው የድምፅ መጠን እንደገና ስሚ። ልዩነቱ ካለ በጆሮሽ ይሰማል። አዲስ ምርት ከፈለግሽ ሊኒየር ሲስተምስ የሚባለው ኩባንያ ኤልኤስኬ170 የሚል ለዚያው ቦታ የሚሆን ጄፌት ይሠራል።

ጥያቄ፦ ፎርጅድ ትራንዚስተር ድምፁ ይታወቃል? ጎረቤቴ "ባሱ ደረቅ ነው፣ ፎርጅድ ነው" እያለ ይፈርዳል።

መልስ፦ ጎረቤትህ ጆሮው ኤክስሬይ ካልሆነ በስተቀር አይታወቅም። ለስለስ ባለ ድምፅ ፎርጅዱ ልክ እንደ ኦሪጅናሉ ይዘፍናል፣ አደጋውም ይኼው ነው። ድምፁ ሲጨምር ጌኑ ስለሚወድቅ ትንሽ መዛባት ይመጣ ይሆናል፣ ግን ያኔ ጆሮህ ሳይደርስ ፊውዙ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ከየት ልግዛ? ምን ልግዛ?

መልስ፦ ከተቻለ አምራቹ ራሱ ከሚያውቀው አከፋፋይ። አምራቾቹ የተፈቀደላቸውን አከፋፋዮች ዝርዝር ያወጣሉ፣ እዚያ ውስጥ ስሙ ካለ ችግር የለም። ከዚያ ውጪ ከሆነ፣ ዋጋው ከተፈቀደው አከፋፋይ በእጅጉ የረከሰ "ኦሪጅናል" ለምን እንደረከሰ ራስህን ጠይቅ።

ምን ልግዛ ላልከው፣ ዛሬም የሚመረተውን ግዛ። ቶሺባ በ2ኤስሲ5200 እና በ2ኤስኤ1943 ምትክ ቲቲሲ5200 እና ቲቲኤ1943 አለው፣ ያው 230 ቮልት፣ 15 አምፒር፣ 150 ዋት። ከኦንሴሚ ኤንጄደብሊው0281 እና ኤንጄደብሊው0302 አሉ፣ 250 ቮልት፣ 15 አምፒር፣ 150 ዋት። የእግራቸው ቅደም ተከተል ያው ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኤሚተር ነው፣ የኦንሴሚዎቹ አካል ግን ትንሽ ስለሚያንስ የሂትሲንኩን ቀዳዳ አስቀድመህ ለካ። የሰርኪዩት ሥዕሉ ላይ የሃያ ዓመት ቁጥር ስለተጻፈ ብቻ ያንን ቁጥር ፍለጋ አትንከራተት።

ቦታ ካለህ ደግሞ በአንድ ጥንድ ፋንታ ሁለት ጥንድ አድርግ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን የኤሚተር ሬዚስተር ሰጥተህ። ሙቀቱ ለሁለት ይከፈላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበራው በመብራት መስመሩ ላይ በተከታታይ አንድ 60 ወይም 100 ዋት የድሮውን ባለ ክር አምፖል አስገባበት፣ ኤልኢዲ አይሆንም። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ አጥፋ፣ የሆነ ነገር ሾርት ነው፣ ትራንዚስተሮችህ ግን ተርፈዋል። ስፒከር የሚሰካው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻዬ ናት። ፈትሼ ፎርጅድ መሆናቸውን ያረጋገጥኳቸው ስምንት አሉኝ። ልጣላቸው?

መልስ፦ ገንዘብህ እንዲመለስ ሞክር፣ የባትሪውን ፈተና ቪዲዮ ቅረጽና አሳያቸው። እምቢ ካሉህ አትጣላቸው፣ ትራንዚስተርነታቸው እኮ አለ። ለ12 ቮልት ፋን መቆጣጠሪያ፣ ለአንድ ሁለት አምፒር ሰፕላይ፣ ለመለማመጃ ብየዳ ይሆናሉ። ብቻ ዛሬውኑ ፊታቸው ላይ ያለውን ቁጥር በሞረድ አጥፋና "30 ቮልት፣ 2 አምፒር" ብለህ በማርከር ጻፍበት። አለበለዚያ ከስድስት ወር በኋላ መሳቢያህ ውስጥ ከኦሪጅናሎቹ ጋር ይደባለቃሉ።